ኪውቢት ይዞ ሽምግልና

ባለቤቴ አስቴር «አንተ አፍህን ዘግተህ የዋልክበት ቀን ቢኖር ጥርስህን የነቀልክ ዕለት ነው» ትለኛለች። ውሸቷን ነው። ያን ዕለትም በእጄ ምልክት ሳወራ ነው የዋልኩት። እንግዲህ የእህቴ ልጅ ናሆም፣ አዳማ ውስጥ ስንት ዝምተኛና አስተዋይ ሰው ሞልቶ፣ ሽማግሌ ሆኖ ሚስት እንዲለምንለት የመረጠው እኔን ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ናሆም ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፤ ኳንተም ኮምፒውተር የሚባል ነገር ነው የሚመራመረው። የወደዳት ልጅ ሲፈን ትባላለች፤ አብረው ነው የተማሩት። አሁን መቂ አባቷ ቤት ሆና መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አባቷ ኦቦ ገመቹ የታወቁ የሽንኩርት ደላላ ናቸው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ያሳደጓት አንድ ልጃቸው እሷው ናት። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው። ችግሩ፣ ባለፈው ዓመት አንድ ሌላ ልጅ ሽማግሌ ልኮባት ነበር። ኦቦ ገመቹ «ልጁ ምን ይሠራል?» ሲሉ ሽማግሌዎቹ «ኦንላይን ነው የሚሠራው» አሉ። «ኦንላይን ምን?» ቢሏቸው «እንዲያው ኦንላይን» ሆነ መልሱ። ኦቦ ገመቹም «የላካቸው ሽማግሌዎች እንኳ የማያውቁትን ሥራ የሚሠራ ልጅ፣ ወይ ሌባ ነው ወይ ሥራ ፈት ነው» ብለው በዚያው ሸኟቸው።

ስለዚህ ሲፈን ለናሆም አስጠነቀቀችው። «አባዬ ስለ ሥራህ ይጠይቃል። የሚያስረዳ ሰው ላክ።» የሚያስረዳ ሰው! ናሆም ይህን ሲሰማ ትዝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ከኔ በላይ የሚያወራ ዘመድ የለውማ። ማውራትና ማስረዳት ለየቅል መሆናቸው ለሁለታችንም ትዝ አላለንም።

እኔ አዳማ ገበያው አጠገብ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ አለኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ ደንበኛውን ሁሉ ጥላ ሥር በከተተበት ሰዓት፣ ናሆም ሊያስተምረኝ መጣ። ከመደርደሪያዬ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ አንስቶ ቀጭ አደረገው።

«ጋሼ፣ ይሄ ቢት ነው። ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። አንድ ወይም ዜሮ። ሦስተኛ ነገር የለውም። ስልክህ ውስጥም ኮምፒውተር ውስጥም ያለው ይኸው ነው፤ ብዛቱ ነው እንጂ።»

«በቃ?»

«በቃ።»

ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ቢት ስቸረችር ኖሬያለሁ ለካ! ደረቴ ነፋ አለ። ወዲያው ማወቅ የጀመርኩ መሰለኝና «ቀጥል» አልኩት፣ ተማሪ እንደሚፈትን መምህር።

«የኛ ደግሞ ኪውቢት ይባላል። እሱ እስክታየው ድረስ ዜሮም አንድም ነው። ሁለቱም በአንድ ላይ።»

«እንደኛ ሰፈር መብራት በለኛ! ብልጭ ድርግም።»

«አይደለም ጋሼ። ብልጭ ድርግም የሚለው አንዴ ይበራል፣ አንዴ ይጠፋል። ይሄ በየተራ አይደለም።»

«እሺ፣ እንደ ዲመር።» ዲመር የምንለው ብርሃኑን ቀስ እያለ የሚጨምረውንና የሚቀንሰውን ነው፤ ጥሩ ይሸጣል።

«እሱን ግማሽ ላይ ካቆምከው ስታየውም ግማሽ ነው። ኪውቢትን ስታየው ግን ወይ ሙሉ በሙሉ በርቷል፣ ወይ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። ማየትህ ራሱ ነው የሚያስወስነው።»

«ገባኝ! እንደ ታሸገ ካርቶን። ውስጡ ያለው አምፖል ተሰብሮ ይሁን ደህና ይሁን እስክከፍተው አላውቅም።»

ናሆም ግንባሩን ያዘ። «አምፖሉማ ካርቶኑን ሳትከፍተውም ለራሱ ወይ ተሰብሯል ወይ ደህና ነው። አንተ አላወቅክም እንጂ ነገሩ አልቋል። ኪውቢት ግን ተደብቆብህ አይደለም። ገና አልወሰነም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልዩነቱ አልታየኝም። ግን «አሃ!» አልኩ። ከነጋዴ አፍ «አሃ» ማውጣት ቀላል ነው። «ለመሆኑ ጥቅሙ ምንድን ነው?» ብዬ ወሬ አስቀየርኩ።

«አንድ ጥያቄ ሺህ መንገድ ቢኖረው፣ እነዚያን መንገዶች እንደ ውኃ ሞገድ ያገናኛቸዋል። የተሳሳቱት እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፣ ትክክለኛው ይጎላል። ስሌቱ ሲያልቅ ብቻ ነው የምታየው። ቸኩለህ ቀድመህ ካየኸው ይበላሻል።»

ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ልብ በሉልኝ። እኔ ልብ አላልኳትም።

ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ ለመነኝ። «ጋሼ፣ ባይሆን 'ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነው' በልና በዚያው ተወው። ከጠየቁህ ብቻ ሳንቲም አሽከርክረህ አሳያቸው። በምትሽከረከርበት ሰዓት ዘውድም ጎፈርም አይደለችም፤ በእጅህ ስትመታት ነው አንዱን የምትሆነው። እሱም ልክ አይደለም፣ ግን ለሽምግልና ይበቃል።»

እሑድ ጠዋት ሦስት ሆነን ሄድን። እኔ፣ ጡረታ የወጡት መምህር አቶ ታደሰ፣ እና መኪናውን የሰጠን ጎረቤታችን። ጎረቤታችን ራሱን ከመነቅነቅ በቀር ሥራ አልተሰጠውም፤ እሱንም አሳምሮ ተወጣው። ሞጆን፣ ቆቃን፣ ዓለም ጤናን እስክናልፍ እኔ ኪሴ ውስጥ ያለችውን የአንድ ብር ሳንቲም እያሻሸሁ ንግግሬን ስለማመድ አቶ ታደሰ አንዴ ብቻ ተናገሩ። «አጠር አድርገው» አሉኝ።

ኦቦ ገመቹ ትልቅ ሰው ናቸው፤ በሩን ሞልተው ነው የጠበቁን። «አካም ጅርቱ! ግቡ፣ ግቡ። ተቀመጡ» አሉ።

ወጉን ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም። «ለቁም ነገር ነው የመጣነው፣ እንቆማለን» አልን። አቶ ታደሰ የናሆምን ዘር ማንዘር ቆጥረው፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለው፣ በአምስት ደቂቃ ጨረሱ። ሁሉ ነገር እንደ ቅቤ እየሄደ ነበር።

«ልጁ ምን ይሠራል?» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ነው» አሉ አቶ ታደሰ።

«ጥሩ ነው» አሉ ኦቦ ገመቹ። አያችሁ? አልቆ ነበር እኮ! እዚያ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህን ጊዜ የምጽፈው ስለ ሠርጉ ድግስ ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ «አስተማሪ ብቻ አይደለም!» አልኩ።

ከዚያማ ማን ያቁመኝ። ማብሪያ ማጥፊያውን አነሳሁ፣ ቢቱን አነሳሁ፣ ኪውቢቱ ጋ ስደርስ ሳንቲሜን አውጥቼ ቡፌው አጠገብ ባለች ጠረጴዛ ላይ አሽከረከርኳት። «ይመልከቱ ኦቦ፣ አሁን ዘውድም ናት ጎፈርም ናት!» ብዬ፣ ልመታት እጄን ብሰነዝር ጠርዟን ብቻ አገኘሁት። ሳንቲሟ ተፈናጥራ፣ መሬት ላይ ተንከባልላ፣ ቡፌው ሥር ገባች። ሦስት ሽማግሌ ተንበርክኮ ሳንቲም ሲፈልግ አይታያችሁም? እኛም ክብራችንን ጠብቀን ተውናት። ከውስጠኛው ክፍል የሲፈን ይሁን የሌላ ሰው፣ የታፈነ ሳቅ ሰማሁ።

ኦቦ ገመቹ ግን አልሳቁም። «ልጁ የሚያስተምረው፣ አዎም አይደለምም የሚል ነገር ነው?»

«አዎ! ማለቴ፣ እስኪጠየቅ ድረስ።»

«'ሚስትህን ትወዳለህ?' ቢባል አዎም አይደለምም ሊል ነው?»

ላስተካክል ብዬ ባሰብኝ። «እንደርስዎ ሥራ ማለት ነው እኮ! ጆንያው እስኪፈታ ድረስ ውስጡ ያለው ሽንኩርት ደህና ይሁን የበሰበሰ ይሁን እንደማይታወቀው ማለት ነው።»

አቶ ታደሰ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የኔ ጆንያ?» አሉ ኦቦ ገመቹ። «እኔ ጆንያ ሳልፈታ፣ በአጠገቡ ሳልፍ፣ ከሽታው ብቻ አውቃለሁ። የበሰበሰ ከሆነ ሳይፈታም የበሰበሰ ነው!» ናሆም ሱቄ ውስጥ ያለኝ ይህንኑ እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው። ያኔ ግን የገባኝ ሰውየውን በሙያቸው መስደቤ ብቻ ነበር።

ቢሆንም ጨዋ ሰው ናቸው። «ሰምተናችኋል። ከዘመድ ጋር ተማክረን መልሱን በሁለት ሳምንት እንሰጣችኋለን» አሉ። ይሄ እንግዲህ የወጉ ነው። መስጠትም አይደለም መንሳትም አይደለም። ሽማግሌ ደግሞ እስከ ቀጠሮው ድረስ አይጠይቅም፣ ደጅ አይጠናም፣ ስልክ አይደውልም።

አራት ቀን ቻልኩ። በአራተኛው ቀን አንድ ደንበኛ አምፖል ስጠኝ ቢለኝ ሶኬት ሰጠሁት። እንቅልፍም አልነበረኝም፤ ያ ልጅ የሚወዳትን በኔ አፍ ምክንያት ቢያጣ በምን ዓይኔ አየዋለሁ እያልኩ ስብከነከን ነው የከረምኩት። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ለአስቴር «ጉልበቴን አሞኛል፣ ሶደሬ ፍልውኃ ገብቼ ልምጣ» አልኳትና መቂ ሄድኩ።

ኦቦ ገመቹን ያገኘኋቸው ሽንኩርት ከሚጫንበት ቦታ፣ መጫኛው ላይ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ነው። «ሽንኩርት ልገዛ» አልኳቸው። ከአዳማ መቂ ድረስ አምስት ኪሎ ሽንኩርት! አላመኑኝም፣ ግን ከአጠገባቸው ጆንያ አስጠጉልኝ። ወዲያው አንድ የጭነት መኪና ነጂ መጥቶ «ኦቦ፣ ዛሬ ዋጋው እንዴት ነው?» አላቸው። «ገና ነው» አሉት። ሰውየው ሲርቅ ጠጋ ብዬ «ለኔ ይንገሩኝ፣ ስንት ሊሉት አስበው ነው የደበቁት?» አልኳቸው።

«ምን እደብቃለሁ? ዋጋ ገና የለም» አሉኝ። ኦቦ ገመቹ «አንቱ» ማለት ላይ ብዙም አይጨነቁም። «ገበሬው አለ፣ ገዢው አለ። ዋጋው የሚመጣው ሁለቱ እጅ ሲጨባበጡ ነው። አሁን ይዘህ 'ቁጥር አምጣ' ካልከኝ አንድ ቁጥር እልሃለሁ። ከዚያ ወዲያ ግን ገበያው ያቺው ቁጥር ናት፤ ብትፈልግም አትመለስም። ገበያ የሚያበላሸው ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ቸኩሎ የሚጠይቅ ሰው።»

ወይ ጉድ! ናሆም ግንባሩን ይዞ ሊያስረዳኝ ያልቻለውን፣ እኚህ ሰው ጆንያ ላይ ቁጭ ብለው በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝ። የተደበቀና ገና ያልሆነ ነገር እንደሚለያዩ የዚያን ጊዜ ፍንትው ብሎ ታየኝ። አስተዋይ ሰው ቢሆን ሽንኩርቱን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። እኔስ ምን አልኩ?

«ኦቦ፣ የልጃችንስ ነገር? አዎ ነው ወይስ አይደለም? አንዷን ብቻ ይበሉኝና ልሂድ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «አሁን ነው የምትፈልገው?»

«አሁን።»

«አሁን ከሆነ፣ አይሆንም» አሉና ተነስተው ወደ መኪናው ሄዱ።

እንዴት አዳማ እንደገባሁ አላውቅም። አስቴር በሩ ላይ አሸተተችኝ። «የሶደሬ ፍልውኃ ሽንኩርት ሽንኩርት መሽተት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለችኝ። ሁሉን ነገርኳት። የተሳደበችኝን ስድብ እዚህ አልደግመውም፤ ግማሹ ደግሞ ይገባኛል። ከሷ ስድብ ይልቅ የከበደኝ የናሆም ነገር ነበር። አልተቆጣም። ሱቄ ውስጥ ካርቶን ላይ ተቀመጠና «ጋሼ፣ ለካኸው እኮ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ገና አልወሰኑም ነበር። አንተ ወስኑ አልካቸው። አሁን አሥር ጊዜ ብትመላለስ አሥር ጊዜም አይሆንም ነው የሚሉህ። ኪውቢትም አንዴ ከታየ፣ እኛ ‘ከተለካ’ ነው የምንለው፣ እንደዚያው ነው።»

አፈርኩ። እውነቴን ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። «መድኃኒት የለውም?» አልኩት፣ ስለ ሰውየው ይሁን ስለ ኪውቢቱ ሳላውቅ።

እሱም ሳያስበው መለሰልኝ። «ያንኑ ጥያቄ ከደጋገምክበት የለውም። ከሌላ አቅጣጫ፣ ሌላ ጥያቄ ከጠየቅከው ግን የመጀመሪያውን መልሱን ይረሳል። እንደገና ክፍት ይሆናል።» ከዚያ ደግሞ፣ እየተነሳ፣ «ሲፈን ደውላ ነበር» አለኝ። «አባቷ ሽማግሌ ቤታቸው ከገባበት ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከሷ ጋር ሻይ አይጠጣም አለችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ ወደ መጫኛው ሳይሄድ አብረው ሳይጠጡ የቀሩበት ቀን የለም።»

ሁለቱን ነገር ይዤ ሰነበትኩ። አቶ ታደሰ ደግሞ «ገበያ ላይ ለአንድ ችኩል የተባለ ነገር ለሽማግሌ የተሰጠ መልስ አይደለም። ቀጠሮው ቀጠሮ ነው፣ እንሄዳለን» አሉ። አንድ ነገር ግን አስማሉኝ፤ አፌን ላልከፍት።

በቀጠሮው ቀን ኦቦ ገመቹ ሲቀበሉን «ግቡ» አሉን። «ተቀመጡ» ግን አላሉም። ለወጉ እንኳ! ሦስታችንም ቡፌው ፊት ተገተርን። አቶ ታደሰ «በቀጠሯችን መጥተናል» አሉ።

«መልሱን ይሄ ሰውዬ ሰምቶታል» አሉ ኦቦ ገመቹ፣ በጣታቸው ወደኔ እያመለከቱ።

አቶ ታደሰ ዘወር ብለው በሩን አዩ። ጎረቤታችን ራሱን መነቅነቅ አቆመ። መሐላዬን አፈረስኩ።

«ኦቦ፣ ያንን ጥያቄ ትቼዋለሁ» አልኩ። «እንዳጠፋሁም አውቃለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሌላ ነው የምጠይቅዎት። ሲፈን አዳማ ከሄደች፣ ጠዋት ሻይ ከማን ጋር ይጠጣሉ?»

ፊታቸውን አዞሩብኝ። አቶ ታደሰ አስቀየማቸው ብለው መሰለኝ ክንዴን ጨበጡኝ። ኦቦ ገመቹ መስኮቱን እያዩ፣ ድምፃቸው ወርዶ፣ «እኔ እሱን ነው የማስበው» አሉ። «ሌላ ምን አለኝ? ልጁ ጨዋ ነው፣ ጠይቄያለሁ፤ ከሱ ጋር ስትስቅ ያያት ሁሉ ነግሮኛል። ልሰጣት እፈልጋለሁ። እንድትሄድብኝ ደግሞ አልፈልግም። ጠዋት ስነሳ ሁለቱም አብረው አሉ፣ ማታ ስተኛም ሁለቱም አብረው አሉ። አንድ ቀን አንዱ፣ አንድ ቀን ሌላው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ያ ሳንቲም ይዘህ ያደረቅከኝ ነገር፣ እኔ ነኝ እኮ!»

ምን ልበላችሁ፣ እንባዬ መጣ። ወደ ውስጠኛው ክፍል የሚወስደው በር ገርበብ ብሎ ሲፈን ቆማ አየኋት፤ እሷም እንደዚሁ ናት።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት» አለች ከዚያው ከበሩ፣ «መኪና ሳትጭን እመጣለሁ አባዬ። እሱም ይመጣል። ሻዩን እሱ ነው የሚያፈላው።»

«ያ ኳንተሙ?» አሉ።

«እሱው።»

ኦቦ ገመቹ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና ቀጥ ብለው ቆሙ። «በሉ አሁን ጠይቁኝ» አሉ።

አቶ ታደሰ እኔን አዩኝ። ጎረቤታችን እኔን አየኝ። ሲፈንም እኔን አየችኝ። እኔ ያ ለፍላፊ፣ አንደበቴ እንደ ተቃጠለ አምፖል ዝም አለ። «እፈራለሁ» አልኩ።

ኦቦ ገመቹ ሳቁ። ቤቱ እስኪሞላ ነው የሳቁት። ሳቃቸው ሲያባራ ወንበሮቹን በእጃቸው አሳዩን።

«ተቀመጡ እንግዲህ» አሉ።

ተቀመጥን። እንደዚያ ዓይነት ወንበር በሕይወቴ ተቀምጬ አላውቅም፤ ተራ የእንጨት ወንበር ነው። ምግብ ቀረበ፣ ጨዋታ ደራ፣ የሠርጉ ወር ተነሳ። መሐል ላይ ኦቦ ገመቹ በጣታቸው ወደ ቡፌው አመለከቱ።

«ሳንቲምህ እዚያው ናት» አሉኝ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ማንም እንዳይነካት ብዬ አስጠብቄያታለሁ። እስካሁን ዘውድም ናት ጎፈርም ናት፣ አይደል?»

አይደለችም! ሳንቲሟማ የዚያኑ ዕለት ወድቃ አልቃለች፤ ወይ ዘውድ ናት ወይ ጎፈር፣ ያላየናት እኛ ነን፤ እንደ ታሸገው ካርቶን፣ እንደ ራሳቸው ጆንያ። ገና ያልወሰኑትማ እሳቸው ነበሩ። ከስንት መከራ በኋላ ገብቶኛል፣ አሁን አጥርቼ ማስረዳት እችላለሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

አቶ ታደሰ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጡኝ።

«አዎ ኦቦ» አልኩ፣ «ሁለቱም ናት።» ጉርሻዬንም ተቀብዬ ዝም አልኩ።